ቀለም ሳይደፉ የሄዱት

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ሕልምም አላየሁም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ ግን ከእንግዲህ ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም።

ደግሞ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ አህዮቹ እንኳ የግድግዳ ጥላ ፈልገው የሚቆሙበት ሰዓት።

ቦታው አሴንሽን ደሴት ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ያለች፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሞላባት፣ የእንግሊዝ ባንዲራ የሚውለበለብባት ደሴት። ሰው የምታመጣውና የምትወስደው መርከብ ገና ትመላለስ በነበረበት ዘመን ነው።

እኔ የሴንት ሄለና ሰው ነኝ። ያቺም የእንግሊዝ ደሴት ናት፤ በመርከብ ሁለት ቀን ከምናምን ትርቃለች። ለሥራ ወደ አሴንሽን የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ ኤርማ ይባላል።

ስለዚህች ደሴት አንድ ነገር ልንገራችሁ።

እዚህ የሚኖር ሰው አለ፣ የዚህ አገር ሰው የሚባል ግን የለም። ሥራ ካለህ ትኖራለህ፣ ውልህ ሲያልቅ ትሄዳለህ። አርባ ዓመት ብታገለግልም ትሄዳለህ። ጡረታ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቁጭ ማለት ብሎ ነገር የለም። ልጄን ኬሪሻን ያረገዝኩ ጊዜ እንኳ፣ ለመውለድ በመርከብ ሰደዱኝ። የስድስት ሳምንት ሕፃን ታቅፌ ተመለስኩ። አባቷም ውሉ አልቆ ሲሄድ በዚያው ቀረ።

ልጅ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወይ የራሱን ውል ያገኛል፣ ወይ ሻንጣውን ያዘጋጃል።

አንድ ጊዜ ከለንደን ሰዎች መጥተው አዳራሽ ሰበሰቡን። የመኖር መብት ይኖራችኋል አሉን። አጨበጨብን። እኔማ ጓሮዬ ምን ዛፍ ልትከል እያልኩ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ሐሳቡ ተለውጧል የሚል። በጣም ትሁት ደብዳቤ ነበር። እስከ ዛሬ ቆሽቴን የሚያሳርረው ያ ትሕትናው ነው።

በዋናው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ደሴቷን ለመጨረሻ ጊዜ የሚለቅ ሰው አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይዞ ሄዶ ይደፋበታል። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ያገኘውን። ቀለም የደፋ ሰው ተመልሶ አይመጣም ይባላል።

እኛ እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው።

የእኔ ሥራ የለቀቁ ሰዎችን ቤት ማጽዳት ነው። ሰውየው ሄዶ ሦስት ቀን ሳይሞላ ገብቼ እጠርጋለሁ፣ ዕቃው መሟላቱን አያለሁ፣ ቁልፉን ለቢሮ አስረክባለሁ። ስንቱን ሰው በመጥረጊያ እንዳስወጣሁት እኔው ነኝ የማውቀው።

ጎረቤቴ አጎቴ ሄንሲል ይባሉ ነበር። ሥጋዬ ባይሆኑም ሁላችንም አጎቴ ነው የምንላቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የባሕሩን ውኃ ለመጠጥ የሚያጣራውን ማሽን ያንቀሳቀሱት እሳቸው ናቸው። የከሰዓት ፈረቃቸው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቦት ጫማቸውን ያስራሉ። ሰፈሩ ሰዓቱን በእሳቸው ይሞላ ነበር።

ውላቸው ሲያልቅ፣ ቀለሙን መቼ እንደሚደፉ ጠየቅኳቸው። ልሸኛቸው ብዬ ነው።

"ማን? እኔ?" አሉኝ። "ይህን መንገድ ያነጠፍኩት እኔ። ውኃ የማጠጣቸው እኔ። አልሰናበትም፣ ኤርማ። ከፈለጉ እነሱ ይሰናበቱ።"

በማግስቱ ሄዱ። የወደቡን ደረጃ ሲወርዱ፣ ገመዱን ይዘው ጀልባዋ ውስጥ ሲገቡ፣ ጀልባዋም መርከቧ ጋ ስታደርሳቸው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አንድ ጊዜም ዞር አላሉም።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸውን ለማጽዳት ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት።

መጀመሪያ ያየሁት የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ነው። እርጥብ ነበር።

ቧንቧው አንጠባጥቦ ይሆናል አልኩ።

ወጥ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ አለ። ተገምጧል... በእኛ ፀሐይ ዳቦ በአንድ ቀን ድንጋይ ይሆናል። ነካሁት። ለስላሳ ነው።

ሌባ ነው እንዳልል፣ በዚህች ደሴት ሌባ የሚሰወርበት የለም።

ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

ሽርር... ሽርር...

ክር በጫማ ቀዳዳ ውስጥ ሲሳብ።

ወደ በረንዳው በር ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጎንበስ ብለዋል። ያው ካኪ ሸሚዝ። ያው በፀሐይ የተጠበሰ ማጅራት።

"ዘጠኝ ሞላ?" አሉኝ። ዞር አላሉም።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። መጥረጊያዬን እዚያው ጥዬ።

ቤቴ ገብቼ በሬን ቆልፌ ሴንት ሄለና ደወልኩ፤ እህታቸው ኮሪንዳ ጋ። ሞቱ ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ነበር።

"ትናንት ማታ ደህና ገብቷል" አለችኝ። "አጠገቤ አለ። ግን ኤርማ..."

"ምን?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሌሊቱን ተኛ፣ አንሶላው አልተጨማደደም። አቀረብኩለት፣ አልበላም። አሁን ደግሞ ጎንበስ ብሎ ባዶ እግሩ ላይ የሌለ ጫማ ያስራል።"

ያየሁትን አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

በአምስተኛው ሳምንት አጎቴ ሄንሲል እዚያው ሞቱ። ሰውነታቸው አልቆ ነው አሉ፤ ሐኪሙ ምንም በሽታ አላገኘም። የተቀበሩ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤታቸው በኩል አለፍኩ።

ሽርር... ሽርር...

ያንን ቤት በየተራ ለሁለት ሰዎች ሰጡት። ሁለቱም በሳምንታቸው ሌላ ቤት ጠየቁ። ምክንያታቸውን የጠየቃቸው የለም፤ እነሱም አልተናገሩም።

ዓመት አለፈ። ኬሪሻ አሥራ ስምንት ሞላት።

ሦስት ቦታ ሥራ አመለከተች፣ ሦስቱም ቦታ የለም አሉ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ትሁት ነው፣ እንደተለመደው። ባደገችበት ቤት፣ እንግድነቷ አብቅቷል ነው ነገሩ። አንብባ ሳቀች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

የመርከቧ ቀን ጠዋት ፀጉሯን ታጥባ፣ ሳይደርቅላት ቢጫ ቀለም በቆርቆሮ ይዛ ከክፍሏ ወጣች።

"የት ነው?" አልኳት።

"ድንጋዩ ጋ ነዋ። ሁሉም ይደፋል እኮ፣ እማ።"

"አንቺ ትመለሻለሽ። አትድፊ።"

"ውል ካገኘሁ ነው የምመለሰው።"

"ታገኛለሽ። አትድፊ አልኩሽ።"

ቆርቆሮውን ከእጇ ወሰድኩት።

አጎቴ ሄንሲል እንዴት ትዝ አላሉኝም? ልትሉኝ ትችላላችሁ። እኔም ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ። አንዳንዴ ትዝ አላሉኝም ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ... ትዝ ብለውኝ ነው አትድፊ ያልኳት እላለሁ። የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም።

ሄደች። ኮሪንዳ እኔ ጋ ትረፍ ብላ ተቀበለቻት።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነው። በሬ ላይ ስደርስ የሬዲዮ ድምፅ ሰማሁ። አጥፍቼው ነበር የወጣሁት።

በሩን ከፈትኩ።

ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ፀጉሯ እርጥብ ነው።

"ዛሬ ዘገየሽ፣ እማ" አለችኝ።

መሮጥ ነበረብኝ። ከአጎቴ ሄንሲል ቤት ሮጬ የለ? እግሬ ግን አልታዘዘኝም። ከፊቷ ቁጭ አልኩ። ፍርሃት ነው እንዳልል፣ እንባዬ የደስታ ነበር።

ዓሣ ከድንችና ከቃሪያ ጋር አድቅቄ ጠበስኩላት። የሰጠኋትን ሁሉ በላች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አገኛታለሁ። ከደጃፉ ውጭ አትወጣም። ያንኑ የጉዞ ልብሷን ነው የምትለብሰው። ፀጉሯ በሰዓታት ውስጥ አይደርቅም፣ በሳምንታትም አይደርቅም። የምነግራትን ሁሉ ትሰማለች፣ ግን አዲስ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ደግሞ ትበላለች... የሁለት ሰው ትበላለች።

ጎረቤት ምን አለ አትበሉኝ። እዚህ ደሴት ላይ ሰው የሌላውን መስኮት አያይም።

በአራተኛው ሳምንት ኮሪንዳ ደወለች። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

"ልጅሽ እንደ ወንድሜ ሆናለች" አለችኝ። "አንሶላው አይጨማደድም። አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ኤርማ፣ ቀለሙን ደፍታለች?"

ከእጇ የወሰድኩት ቆርቆሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"ደፍታለች ወይ ነው የምልሽ።"

"ደፍታለች" አልኳት።

ዋሸሁ። በገዛ ልጄ ላይ ዋሸሁ።

ኮሪንዳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እዚያ የቀረ ነገር ካለ አታብዪው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ለወንድሜ አላወቅኩም ነበር። ቀለም ሳይደፋ የሄደ ሰው እዚያ የሚቀር ነገር እንዳለው በኋላ ነው ትልልቆቹ የነገሩኝ። በሩን ከፍተሽ ሂጂ በያት። የአንቺ ቤት እዚህ አይደለም በያት። ያኔ ልጅሽ ትድናለች።"

እሺ አልኳት።

በማግስቱ በሩን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩት። ነፋሱ የድንጋይ አቧራ ይዞ ገባ። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ሆና አየችኝ።

ምን ልበላት? ሂጂ፣ ቤትሽ አይደለም?

ያንን ቃል እኮ በደብዳቤ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ነው የጻፈው። እኔም ልድገመው?

በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ከአምስት ቀን በኋላ ስልኩ ጮኸ። ምሳ ላይ ነበርን፤ ከሥራ ዘግይቼ ስለምመለስ ምሳችን ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አነሳሁት።

"እማ..."

ኬሪሻ ናት። ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ነው የሰማኋት።

"ወዬ፣ ልጄ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዓሣ ሽታ ይሸተኛል... አፌ ባዶ ነው። ግን አኝካለሁ፣ እማ። ጥርሴ በራሱ ያኝካል።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ።

"እዚያ ማን ነው የሚበላው?" አለችኝ።

ከኋላዬ ማንኪያው ቆመ።

"ማነው፣ እማ?" አለችኝ ከጠረጴዛው። አንድ ዓይነት ድምፅ ነው። እንዲያውም የዚህችኛዋ የበለጠ የልጄን ይመስላል።

በአንድ ጆሮዬ ልጄ ትተነፍሳለች። በሌላው ጆሮዬ ልጄ ትጠብቃለች።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ያቺን ከየትም ሊያስነሷት ይችላሉ፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከሌላ። ይቺን ማንም አያስነሳትም። ውል የላትም፣ የሚያልቅባት ነገር የለም።

"እማ?" አለችኝ በስልኩ። "እማ፣ ተናገሪ..."

ስልኩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

"ተሳስተው ነው" አልኳት።

ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። የቀረውን ዓሣ በሙሉ ጨመርኩላት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ደጋግሞ ጮኸ። ሁለታችንም አልተነሳንም።

እሷ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር የምታኝከውን ታቆማለች... አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሰው በጆሮዋ እንደሚለምናት ሁሉ ትሰማለች... ከዚያ ቀስ ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች።

እምቢ እንደሚል ሰው።