ጣዝማ ናት ያልኩ ቀን

ይህን አንብባችሁ «ውሸት ነው» ብትሉኝ አልቀየማችሁም። እኔም ውሸት ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ግን ሆኗል። በዓይኔ አይቼዋለሁ... በእጄም ነክቼዋለሁ።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ቦታውም የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው።

እስከ ዛሬ ሙሉውን ለማንም ያልተናገርኩት ስለፈራሁ አይደለም።

ስላፈርኩ ነው።

እኔ የሰው ጓሮ እየዞርኩ የምኮተኩት ልጅ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። አንድ ሰው ትክ ብሎ ካየኝ ፊቴ ይግላል፣ ምላሴ ይተሳሰራል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው «ጭምቱ» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ልብስ ሰፊዋን የምጠራቸው እትዬ ብዬ ነው። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ መርፌ ላይ አፍጥጠው ዓይናቸው ደክሟል፤ ራቅ ያለ ሰው የሚለዩት በአረማመዱ ነው። ሰኞና ሐሙስ እየሄድኩ ጓሯቸውን እሠራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን ነው።

እትዬ በጓሮው በር ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ወዲህ ና... ቀስ ብለህ።»

ያሳዩኝ የጎመኑን መደብ ጥግ ነው፣ ከቤቱ ግድግዳ ሥር። መሬቱ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። አፏ በእጅ የተለሰነ ይመስል ልስልስ ያለ ነው። ከውስጧ የሆነ ነገር ወጣና በጆሮዬ ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ሌላ ገባ። ሌላ ወጣ...

እትዬ ክንዴን ያዝ አድርገው ነገሩኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ተርብ አንገታቸው ላይ ነድፏቸው ጉሮሯቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። የተረፉት ለጥቂት ነው። ሐኪሙም ዳግመኛ እንዳይነደፉ፣ ከተነደፉ ግን ሆስፒታል ላይደርሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋቸዋል።

«ስለዚህ ንገረኝ» አሉ። «ተርብ ነው?»

አላውቅም ነበር።

አንዲት ቃል ናት። «አላውቅም።» ብያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ግን የቀጠሩኝ የመሬትን ነገር ያውቃል ብለው ነው። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነው። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ልጅ ሳለሁ አባቴ መሬት ውስጥ ስለምትኖር አንዲት ንብ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ጣዝማ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ መናደፊያ የላትም፣ ማሯ ለመድኃኒት ይፈለጋል። አይቻት ግን አላውቅም።

«ጣዝማ ናት፣ እትዬ» አልኩ። «አትናደፍም።»

እትዬ ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

ሥራ ጨርሼ ስወጣ ሹፌር የሆነው ልጃቸው በር ላይ አገኘኝ። እናቱ ነግረውታል። እሱ ደግሞ ቀልድ ካላወራ አያድርም። «ጭምቱ ከተናገረ እውነት ነው፤ በዓመት አንዴ ነው የሚናገረው» አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ማሩ ሲቆረጥ እንዳልረሳውም አደራ አለኝ።

ሳቅሁ። ያን ሌሊት ግን አባቴ ስለ ጣዝማ ያወራውን ለማስታወስ ስሞክር አደርኩ።

ሰኞ ስሄድ መጀመሪያ ያመራሁት ወደ ቀዳዳዋ ነው። ትንሽ ራቅ ብዬ በደረቴ ተኛሁና አየሁ።

ወገባቸው ክር የታሰረበት ይመስል ቀጭን ነው። ገላቸው እንደ ንብ ፀጉር የለውም፤ ያብለጨልጫል። ጥቁርና ቢጫ መስመር አላቸው። እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ አይታይም። አጠገባቸው ያበበ ጎመን እያለ ዞር ብለው አያዩትም።

አንዱ የሆነ ነገር ተሸክሞ መጣ። ቀይ ነበር...

ሥጋ ነው።

በቀዳዳዋ አፍ ላይ ሁለት ቆመዋል። አይገቡም፣ አይወጡም። እንደ ዘበኛ ቆመው የሚመጣውን ሁሉ በአንቴናቸው ይዳስሳሉ። በመኮትኮቻዬ መሬቱን ቀስ ብዬ መታሁት። ከሆዴ ሥር አፈሩ ሲያጉረመርም ተሰማኝ።

ያኔ ገባኝ። ንብ ሥጋ አይሸከምም።

እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው ጣዝማዎቹ ደህና አደሩ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እየሳቁ ነው።

ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልቻልኩም። «ተሳስቻለሁ» ማለት «አላውቅም» ከማለት ይብስብኝ ነበር። ሹፌሩ ይስቅብኛል ብዬ አሰብኩ። ሰፈሩ ይስቅብኛል ብዬ አሰብኩ። የእትዬን ጉሮሮ ግን አላሰብኩም...

ይህን የምጽፈው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ማንም ሳያውቅ ልጨርሰው አልኩ። ጭቃ አቦካሁ። ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩና ድንጋይ ጫንኩበት። እኩለ ቀን ስለነበር ግማሾቹ ውስጥ፣ ግማሾቹ ውጭ ናቸው።

ውጭ የቀሩት ተመልሰው መጡ። አለቀልኝ ብዬ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

አልነደፉኝም።

ድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ አረፉ። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ወደ ታች ደፍተው፣ የሚያዳምጡ ይመስል... ዝም አሉ። ክንፋቸው እንኳን አይንቀሳቀስም።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

መኮትኮቻዬን እዚያው ጥዬ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ ወጣሁ። ለእትዬ ጣዝማዎቹ ቤት የቀየሩ ይመስለኛል አልኳቸው። ሁለተኛው ውሸቴ ነው። እሳቸውንም ማሩን ሳያቀምሱን መሄዳቸው አሳዘናቸው።

ሐሙስ ስመለስ ጓሮው ጸጥ ብሏል። ድንጋዩ ላይ ምንም የለም። እፎይ አልኩ። እንዲያውም እየሠራሁ ሳፏጭ ራሴን ያዝኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እትዬ ወደ ስፌት ክፍላቸው ጠሩኝ።

ክፍሉ ከጎመኑ መደብ የሚለየው በአንድ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር፣ ጨርቅ የሚቆርጡበት ረጅም ጠረጴዛ መሀል ላይ ነው። ግድግዳው ከውስጥ በቺፑድ ተለብጦ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። የደንበኞቻቸውን ልኬት በብጣሽ ወረቀት ይጽፉና እዚያ ላይ በስፒል ይሰኩታል። ሌላ ሰው በደብተር ይጽፋል፤ የእሳቸው ደብተር ግድግዳው ነው።

«ጆሮዬ ነው መሰለኝ» አሉ። «መኪናዬን ካቆምኩ በኋላም ሲሰፋ ይሰማኛል።»

አዳመጥኩ።

እውነታቸውን ነው። የሆነ ነገር ይሰፋል...

ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። ልኬቶቹ መሀል የሰሃን ስፋት ያለው እርጥበት ወጥቷል። ትንሽ አብጧል። «ጎመኑን ስታጠጣ ግድግዳው ጠጥቶ ይሆን ወይ?» አሉኝ።

መዳፌን ጫንኩበት።

ይሞቃል። ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይሞቃል።

ከመዳፌ ሥር... ቅርጥ... ቅርጥ... ቅርጥ...

እጄን አነሳሁ። ቆመ።

መለስኩ። ጀመረ።

መዳፌን ስንዝር ያህል ወደ ግራ ወሰድኩት።

ድምፁ ተከትሎኝ መጣ።

መውጫቸውን ዘግቼባቸዋለሁ። ሌላ መውጫ እየበሉ ነው። ቺፑዱን ጨርሰውታል፤ በእኛና በእነሱ መሀል የቀረው ቀለሙ ብቻ ነው።

አሁን ንገራቸው አልኩት ራሴን። አሁኑኑ።

እትዬ ክር በጥርሳቸው በጠሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ምንድን ነው?»

አፌን ከፈትኩ።

«እርጥበት ነው፣ እትዬ።»

ከዚያ በሹክሹክታ፣ ለዛሬ ሌላ ክፍል ቢሠሩ ምናለበት አልኳቸው። እሳቸው ግን ለነገ የሚደርስ ቀሚስ ነበረባቸው። «እርጥበት ሰው አይበላም» አሉና የቀሚሱን ልኬት የጻፉበትን ወረቀት አነሱ። ግድግዳው ላይ ባዶ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነው።

ስፒሉን ሰኩት።

አልቆመም። ጣታቸው ተከትሎት ገባ።

ቀለሙ ያለ ድምፅ ተቀደደ። ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ጥቁር ቀዳዳ ብቻ... ከውስጡም ሙቀት ይወጣል።

ከዚያ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር አልጽፈውም። ከጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ስቤ እትዬን ጠቀለልኳቸውና ተሸክሜ ወጣሁ። ሹፌሩ ደጅ ላይ መኪና እያጠበ ነበር። ሰባት ቦታ ተነድፈዋል። መኪናው ውስጥ ከንፈራቸው ሲያብጥ፣ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ፣ እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይበልጥ ጨበጥ አደረጉኝ። የማበረታታቸው መስሏቸው...

ሐኪሙ «አሥር ደቂቃ ብትዘገዩ ኖሮ...» አለና አልጨረሰውም።

እኔስ?

እኔ የመንጋው መሀል ነበርኩ። ፊቴ ላይ አርፈዋል። አንገቴ ላይ ሲሄዱ እግራቸው ተሰምቶኛል።

አንድም አልነደፈኝም።

በማግስቱ ሹፌሩ ተባይ የሚያጠፋ ባለሙያ አመጣ። ሰውየው መድኃኒቱን ረጭቶ ቺፑዱን ገነጠለው። ጎጆው ከመሬት ተነስቶ በግድግዳው ውስጥ እስከ ደረቴ ድረስ ወጥቷል። ግራጫ ወረቀት ይመስላል። እንጨት ያኝኩና በምራቃቸው እያቦኩ የሚሠሩት እንደሆነ ነገረን። ሰው ከንብ ጋር ያምታታቸዋል አለ፤ መንጋው በአንድ ቀዳዳ ከገባና ከወጣ፣ ገላው ካብለጨለጨ፣ ሥጋ ከወደደ፣ ልየው ብሎ መጠጋት አያስፈልግም፣ ርቆ ሰው መጥራት ነው። መሬቱን መደብደብማ በሩን አንኳኩቶ መሳደብ ነው።

ከዚያ ጓሮ ወጣና ድንጋዩን በእግሩ ገለበጠው።

«ይህን ማን ደፈነው?»

ጎንበስ ብሎ የደረቀውን ጭቃ በጣቱ ፈረፈረው።

«የደፈነው ሰው ነው ቤት ያስገባቸው» አለ።

ሹፌሩ ዞሮ አየኝ። አቀረቀርኩ። እናቱ ራሳቸው የደፈኑት መስሎት ይሁን አላውቅም፣ ምንም አላለኝም። የእኔም ዝምታ እንዲያ እንዲያስብ ተወው።

ባለሙያው አንድ እንኳን በሕይወት እንዳልቀረ ማለልን። ጎጆውን በጆንያ ከቶ ወሰደ። ግድግዳው ግን እንዲናፈስ ተከፍቶ ይቆይ አለ።

ቅዳሜ ከሌላ ጓሮ ሥራ ጨርሼ የሥራ ጋውኔን ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ዓይናቸው አብጦ ተዘግቷል።

«ጭምቱ ነህ» አሉ። «በአረማመድህ ለየሁህ።»

አልጋው ሥር ተንበረከክሁ።

«እትዬ... ጣዝማ አልነበረችም። አላውቅም ነበር። ቀዳዳውንም የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«እንደማታውቅ። ያን ዕለት ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው ልጠይቅም አስቤ ነበር...» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ልጁ ቢሰማ ያፍራል አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

አለቀስኩ። እኔ እንዳላፍር ዋሸሁ፤ እሳቸው እንዳያሳፍሩኝ ዝም አሉ። በሁለታችን መሀል አንዲት ነፍስ ልትጠፋ ነበር።

ፀጉሬን ደባብሰውኝ፣ እንደበረዳቸውና ሹራባቸው ስፌት ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። የቤቱን ቁልፍ ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ቤቱ ውስጥ የመድኃኒቱ ሽታ አለ። የሞቱት ወለሉ ላይ እንደተደፋ ገብስ ተበትነዋል። ሹራቡን ከወንበሩ ላይ አነሳሁና ዞርኩ።

ባለሙያው ከፍቶት የሄደው ግድግዳ... ተዘግቷል።

ከወለሉ እስከ ደረቴ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በግራጫ ወረቀት ተዘግቷል። ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ይነፋል... ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል...

ድምፅ የለም። የሚበር ነገር የለም።

ግራጫው መሀል ላይ ሌላ ቀለም አየሁ። መዳፍ የሚያክል ሰማያዊ። ከእንጨት የሚወጣ ቀለም አይደለም።

የለበስኩት የሥራ ጋውን ሰማያዊ ነው።

አወለቅሁት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋሁት።

ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎቼ መሀል፣ መዳፍ የሚያክል ቦታ ታኝኮ ሳስቷል። የፀሐይዋ ብርሃን አልፎበት ይታያል። ያን ዕለት ጠዋት በእጄ ተኩሼ ስለብሰው ምንም አልነበረበትም።

በጣቴ ነካሁት።

ጠርዙ ገና እርጥብ ነበር... ሞቅም ይላል።