የተሳቀበት ሞት

ኢስሐቅ በመርሳ ከተማ አዳራሽ፣ ድራማ ሲያለማምድ መድረኩ ላይ ሆዱን ይዞ ሲወድቅ ሚስቱ ገነት ሳቀች። ተዋናዩ ሄኖክም ሳቀ። ምን ያድርጉ! ሰውየው ከወልድያ እስከ ውርጌሳ የታወቀው ያለ አንዲት ቃል በሚሠራው ኮሜዲ፣ በተለይም በዚያ አወዳደቁ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ቀልድ በቃኝ ብሎ ቁም ነገር ያለው ድራማ ማዘጋጀት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ኢንስፔክተር ውባለም ከወልድያ በሚኒባስ ስትደርስ ገነት ታስራለች። የተባይ መድኃኒት የተገኘበትን ወተት የቀዳችው እሷ፣ በዚያ ላይ ባሏ ሲሞት የሳቀችው እሷ። ከተማው ፈርዶባታል።

«ብርጭቆው የማን ነበር?» ስትል ውባለም ጠየቀች።

«የእኔ ነው» አለ ሄኖክ ላቡን እየጠረገ። «በድራማው የምጠጣው እኔ ነኝ። ጋሽ ኢስሐቅ ግን በአፋቸው አያስረዱም፤ ሁሉንም መጀመሪያ ራሳቸው ሠርተው ነው የሚያሳዩን።»

«እንግዲያው መርዙ የመጣው ለአንተ አይደለም።»

የአዳራሹ ጠባቂ እማማ በላይነሽ በሩ ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«እማማ፣ አንቱ ምን አዩ?»

«ምኑን ልንገርሽ ልጄ! እነዚያ ሲንከተከቱ ያዘነለት ጓደኛው አማን ብቻ ነው። ወተቱን ጭልጥ ሲያደርገው መጋረጃውን ጥሎ ሮጠ፤ ገና ሳይወድቅ ደረሰለት። ሃያ ዓመት አብሮት የቀለደ፤ ወዳጅ ማለት እሱ ነው።»

ውባለም ደብተሯን አጠፈች። የሰማችውን ባትሰማ በወደደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ ገነትም በካቴና መጣች።

«ገነት የሳቀችው ቀልድ መስሏት ነው። መርዝ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በዚያ አይስቅም። አማን፣ አንተ ግን የሮጥከው ኢስሐቅ ገና ቆሞ ሳለ ነው። ምን አይተህ ነው?»

አማን ተንተባተበ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ቃል ይታነቅበታል። ቃል በማይፈልገው ኮሜዲ ከኢስሐቅ እኩል ነበር፤ ድራማው ሲመጣ መጋረጃ ጎታች ሆነ።

«ከ... ከንፈሩን ብቻ የሚያስነካ መስሎኝ! በኮሜዲው እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ታ... ትንሽ ታሞ ድራማው እንዲቀር ብዬ ጨመርኩበት እንጂ... የእውነት ይጠጣዋል አላልኩም!»

«ቀልድ ትቶ የለ እንዴ፣ አማን» አለችው ውባለም ቀስ ብላ።

ካቴናው ከገነት እጅ ወልቆ ወደ አማን እጅ ገባ።

«ነፃ ነሽ፤ ያዳነሽ ሳቅሽ ነው» አለቻት።

ገነት ከወንበሩ አልተነሳችም።

«ወድቆ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር» አለች። «ድረሺልኝ እያለኝ ነው ለካ። እኔ አጨበጨብኩለት።»