ጠይቆ የማይጠብቀው መምህር

ሰርካዲስ የኋላ ኋላ የወደደችውን ሰው መጀመሪያ የከሰሰችው በጽሑፍ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ አስተማሪውን እንዲገመግም ታዘዘ። የአምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ለሆነችው ለሰርካዲስ የደረሳት የሒሳቡ መምህር ሰይፈ ሚካኤል ነበር። ከደብረ ብርሃን ከመጣ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረው ግን አያውቁም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አርባ ደቂቃ ስትሰማ ቆየችና ቅጹን ሞላች። «ጥንካሬ» በሚለው ሥር «ድምፃቸው ይሰማል» ብላ ጻፈች። «መሻሻል ያለበት» በሚለው ሥር ደግሞ፦ «መምህሩ አሥራ ስድስት ጥያቄ ጠየቁ። አሥራ አራቱን ራሳቸው መለሱ። ከጠየቁ በኋላ የጠበቁበት ረጅሙ ጊዜ ሦስት ሰከንድ ነው።»

ሰይፈ ሚካኤል ቅጹን ይዞ የመምህራን ማረፊያ ድረስ መጣ።

«ሰዓት ይዘው ነው እንዴ የገቡት?»

«የስልኬን» አለች። «ደግሞ እርስዎ አትበለኝ አቦ። ድሬ ነው እኮ ያለኸው።»

«እሺ። ሰዓት ይዘሽ ነው የገባሽው?»

«አዎ።»

«ልጆቹ እኮ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ምን ላድርግ?»

ሰርካዲስ ወዲያው አልመለሰችም። ተጠይቃ ወዲያው መመለስ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሆንላትም፤ ቃሉን አገላብጣ ሳታየው ከአፏ አይወጣም። እሱ ደግሞ ይህን አያውቅም።

«አልገባቸውም ማለት ነው» ሲል ራሱ መለሰ።

«አሥራ አምስት» አለች ሰርካዲስ።

ሰይፈ ሚካኤል ሊቆጣ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። እሷም ሳቀች። ቅጹ ላይ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ክርክር ሆነ። እሱ የልጆቹ ችግር ማባዛትና ማካፈል ነው ይላል። እሷ ችግሩ ንባብ ነው ትላለች። ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት ሶማልኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። አማርኛውን ፊደል በፊደል ይጠሩታል እንጂ ምን እየተባለ እንደሆነ አይከተሉትም። በቃላት የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ሲሰጣቸው ቁጥሮቹን ይለቅሙና ይደምራሉ፤ ካላማረ ይቀንሳሉ።

«ቁጥሩን እንደብቅባቸው» አለችው አንድ ቀን።

«ሒሳብ ያለ ቁጥር?»

«መጀመሪያ ታሪኩን ይወቁት። ቁጥሩ የትም አይሄድም።»

እናም በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ አብረው መግባት ጀመሩ። ጥያቄው ሰሌዳ ላይ ያለ ቁጥር ይጻፋል። አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ከዚያ እያንዳንዱ ምን እንደተደረገ ለጎረቤቱ በቤቱ ቋንቋ ይተርክለታል፤ ቀጥሎ በአማርኛ፤ ቀጥሎ በሥዕል። ቁጥሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በመጀመሪያው ፈተና የቃላት ጥያቄውን የሠሩት ከሃምሳ ሁለት ልጆች ዘጠኙ ነበሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሠላሳ አንድ ደረሱ። አንድ ያልተሻሻለ ነገር ቢኖር ሰይፈ ሚካኤል ነው። አሁንም ጠይቆ አይጠብቅም።

ለእነዚህ ክፍለ ጊዜዎች የሚዘጋጁት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። እሱ ያወራል፤ እሷ ወረቀት ትቆርጣለች። አንዳንዴ ወሬውን በመሃል አቁሞ እጇን ያያል፤ እሷም መታየቷን እያወቀች ቀና አትልም። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሰርካዲስ ወደደችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለራሷ ግን ደጋግማ ተናግራዋለች። እሱም ይወዳታል፤ የመምህራኑ ማረፊያ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ የዝውውር ዝርዝር ወጣ። ሰይፈ ሚካኤል ድሬ በመጣ በዓመቱ ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ ያስገባው ማመልከቻ ተቀባይነት አግኝቷል። እናቱ ወይዘሮ ሉል እዚያ ብቻቸውን ናቸው፤ ብርዱም ለጉልበታቸው አልተስማማም። ዝውውሩን መቀበሉን በፊርማው አረጋግጦ እስከ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ለርዕሰ መምህሩ ለቲቸር ጦልሃ መስጠት አለበት።

ሰርካዲስን ኒሙ ሥር አገኛት።

«ዝውውሩ መጣ» አላት። «ሰርኬ፣ እኔ እኮ… ልቅር እንዴ? ማለቴ፣ አንቺ ቅር ብትዪኝ… አይ፣ መቼም እንደሱ አትዪም። እናቴ ብቻዋን ናት። ምን ብለሽ ቅር ትዪኛለሽ? ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ» ያላት ሰርካዲስ ትንፍሽ አላለችም። አፏን ስትከፍት እሱ ተነሥቶ ሄዷል። ያን ቀን ሁሉ ተናደደች፤ ሲመሽ ንዴቱ ሐዘን ሆነ። ተከትላው ሄዳ «ቅር» እንዳትለው እናትየው ትዝ ይሏታል፤ «ሂድ» እንዳትለው ልቧ እሺ አይላትም። እሱም በበኩሉ አልወደደችኝም ብሎ ፈረመ።

ዓርብ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው አብረው ክፍል ገቡ። የተፈረመው ወረቀት በደረት ኪሱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ለቲቸር ጦልሃ መድረስ አለበት። ሰዓቱን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም።

ሰሌዳው ላይ ያለው ጥያቄ ከመልካ ጀብዱ ማንጎ ጭኖ ስለተነሣ መኪና ነበር። መንገድ ላይ ከሣጥኖቹ ሩቡን አወረደ። ከቀሪው ሲሶው በሙቀት ተበላሸ። ጥሩው ማንጎ ስንት ሣጥን ነው? ልጆቹ አነበቡ፣ ለየጎረቤታቸው ተረኩ፣ መኪና ሣሉ። ከዚያ ቁጥሩ ተገለጠ፤ አርባ ስምንት ሣጥን። ግማሹ ክፍል ሩቡንም ሲሶውንም ከአርባ ስምንት ላይ ወስዶ ሃያ አለ።

«ሲሶው የተበላሸው ከምኑ ነው? ሁዶ?» አለ ሰይፈ ሚካኤል።

ሁዶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ክፍል ውስጥ ተናግራ የማታውቅ ልጅ ናት። ሥዕሏን አየች። እሱ መልሱን ሊናገር አፉን ከፈተ።

ሰርካዲስ ከኋላ መዳፏን አነሣች።

አፉን ዘጋ። ጠመኔውን ጨበጠ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ይህ ሰው ዛሬ ምን ሆኗል? አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሰከንድ። ግንባሩን አላበው፤ የድሬ ሙቀት ብቻ አልነበረም። ዘጠኝ፣ አሥር።

ሁዶ ተነሣች።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ የወረደው እኮ መኪናው ላይ የለም» አለች። «የሌለ ማንጎ እንዴት ይበላሻል? ለሦስት የምንከፍለው የቀረውን ነው። ሠላሳ ስድስቱን።»

«ስለዚህ?» አላት፤ አሁንም ጠበቃት።

«ሃያ አራት።»

ክፍሉ አጨበጨበላት። ሰይፈ ሚካኤል ግን አላጨበጨበም። ይህችን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቃት ኖሯል፤ ዓመቱን ሙሉም በእሷ ፈንታ ሲመልስ። አንገቱን አቀና፤ ዓይኑ ኋላ ወንበር ላይ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ተጋጠመ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ በሩ ላይ ቆመ።

«ረቡዕ ዕለት አንድ ነገር ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀህ መልሰሃል» አለች።

«መልሱን ስሕተት በዪልኝ። እንደገና ልጠይቅሽ። እወድሻለሁ፣ ሰርካዲስ። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ከዚያ ዝም አለ። ዝም ማለት እንደሚያመው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ግን ዝም አለ። ሰርካዲስ ጊዜዋን ወሰደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሏን ከአፏ የሚነጥቃት የለም።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች በመጨረሻ። «እንድትቀርም እፈልጋለሁ። እናትህ ብቻቸውን እያሉ ግን አንተን ይዤ ደስ አይለኝም። ወደዚህ ይምጡ ብለህ ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

«እሷ አትመጣም። ከዚያ ቤት እኮ…»

«ጠይቀሃቸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»



«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያው ደውል።»

እሷም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ደወለ። ወይዘሮ ሉል ወዲያው አነሡ።

«ምነው በደህና? በሥራ ሰዓት?»

«ደህና ነኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ድሬ መጥተሽ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?»

መስመሩ ጭጭ አለ። ሰይፈ ሚካኤል «ሙቀቱ ግን» ሊል ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነክሶ መለሰው። ውጭ ልጆች ይሯሯጣሉ። ሰርካዲስ ስልኩን እንጂ እሱን አታይም።

«እመጣለሁ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ሉል፤ ድምፃቸው ተቀይሯል። «አራት ዓመት ሙሉ ‹አንቺ መቼም ከቤትሽ አትነቀዪም› ስትለኝ፣ እኔ እኮ እንድመጣብህ ያልፈለግህ መስሎኝ ነበር።»

«እማዬ…»

«ቤቱ ምን ይሠራልኛል? ብቻዬን ልቀመጥበት? ምን ብዬ ልንገርህ፤ ሳትጠይቀኝ ትመልሰዋለህ።»

ሰይፈ ሚካኤል ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። የተፈረመውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

«ዛሬ ማን ነው ጠይቃት ያለህ?» አሉ እናቱ።

«ሰርካዲስ ትባላለች። አብራኝ ነው የምታስተምረው።»

«አጠገብህ ናት?»

«አዎ።»

«በል አንተ ዝም በልና ስልኩን ለእሷ ስጣት።»

ሰጣት። እሱ ዝውውሩን እንደማይፈልግ ሊናገር ወደ ቲቸር ጦልሃ ቢሮ ሄደ። ሰርካዲስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ምን እንደምትል ጠፋት። ወይዘሮ ሉል ግን ሳይቸኩሉ ጠበቋት።