ንግግሩ ሲሞቅ

ኳስ የማያውቅ አሰልጣኝ ይማራል፤ ንግግር የሚወድ አሰልጣኝ ግን መድኃኒት የለውም። አንድ የሰፈር ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ነበረው።

ልጆቹ ከሥራና ከትምህርት ሮጠው መጥተው ያሟሙቃሉ። ላብ ጠብ ሲላቸው እሱ መሃል ሜዳ ያቆማቸውና ስለ ጽናት፣ ስለ ወኔ፣ በወጣትነቱ ስላስቆጠራት አንዲት ቅርጫት ያወራል። ንግግሩ ሲሞቅ የእነሱ ጡንቻ ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ሰዓቱን አይቶ ይደነግጥና፣ ቅብብሉም መከላከሉም ሳይሠራ፣ ለሁለት ከፍሎ ያጋጥማቸዋል።

ሚስቱ ለነገ ምን እንዳሰበ ስትጠይቀው፣ «እቅዴ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው» ይላታል።

«እንግዲያው በአፍህ ሾልኮ እያለቀ ነው» ትለዋለች።

ከቡድኑ ሸንበቆ የሚሏት ቀጭን ረጅም ልጅ ነበረች። አንድ ትልቅ ክለብ አይቷት፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተሽ ተፈተኝ ብሏታል። ይህ በተሰማበት ዕለት የአሰልጣኙ ንግግር ስለ እሷ ስለነበር ከወትሮውም ረዘመ።

«ጋሼ፣ ቀዝቅዘናል። ከመጋጠማችን በፊት ትንሽ እንሩጥ?» አለችው።

«ልብ ከሞቀ እግር ምን አባቱ» አላት። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

ጨዋታው እንደተጀመረ ኳስ ልትቀማ ዘለለች፤ ስታርፍ ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙ የጉልበቷ ጅማት መበጠሱን ነገራት። የክለቡ ፈተና ያለ እሷ አለፈ። አሰልጣኙ ሊጠይቃት ሲሄድ እናቷ አንድም ቃል ሳትወቅሰው ወንበር አቀረበችለት። አንጀቱን የቆረጠው ይሄ ነው።

አሁን ከቤት ሳይወጣ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ ማሟሟቂያ፣ ቅብብል፣ ዘሎ ማረፍ፣ ከዚያ ግጥሚያ። ንግግር መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ልጆቹ ውሃ እየጠጡ። ሚስቱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ልትለው ፈልጋ ፊቱን ስታይ ተወችው።

እናንተ የሰው ልጅ ተረክባችሁ የምታሠለጥኑ፣ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ሳትዘጋጁ ስትቀርቡ የሚባክነው የእናንተ ሰዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቀን ሸንበቆ ክራንቿን ተደግፋ ጓደኞቿን ልታይ መጣች። አሰልጣኙ ወረቀቱን አሳያት። እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ወረቀቱንም እየመለሰችለት፣ «ያኔም እኮ ወረቀት አልጠፋም ነበር።»

አሰልጣኙ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ሜዳው ዞረ። ፊሽካውን ነፋ፤ ልምምዱም በሰዓቱ ተጀመረ።