የጃንጥላዋ ተራ

«ክፈቺዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ዐወድ፣ በእህቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ።

ኢቲዳል ዓይኗን ከጨዋታው አልነቀለችም። መዳፏ ውስጥ ባለችው የእጅ ጌም ላይ የመጨረሻው በር ተገትሯል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ጭንቅላት ያላት ልጅ በሩ ጋ ደርሳለች። በአንድ እግሯ የምትዘለው ጃንጥላ ግን ገና ወንዙ ማዶ ናት። ማንቆርቆሪያዋ እንፋሎት ስትነፋላት ጃንጥላዋ ተዘርግታ ትበራለች። ሁለቱም ካልደረሱ በሩ አይከፈትም።

ይህን ጨዋታ ያወቀችው ጓደኛዋ ሎዛ ቤት፣ በቴሌቪዥን ነው። ያኔ መጫወቻው ሁለት እጀታ ነበረው፤ ማንቆርቆሪያዋ የኢቲዳል፣ ጃንጥላዋ የሎዛ። «ንፊ እንጂ!» «አንቺ ነሽ የቀደምሽው!» እየተባባሉ ሲጯጯሁ የሎዛ እናት በኦሮምኛ ይቆጧቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ይባስ ብለው ይስቃሉ። ጨዋታውን ሳይጨርሱ የሎዛ አባት ለሥራ ወደ ማንቡክ ተዛወሩ። መጫወቻውም በጭነት መኪና ሲንገላታ ሰንብቶ ማንቡክ ሲደርስ አልሠራም አለ።

መጀመሪያ ላይ ኢቲዳል ብዙም አልከፋትም ነበር። ክልሉ ገና መመሥረቱ ነው፣ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታም አዲስ ነው። እሷ ያለችበት አሶሳና ሎዛ የሄደችበት ማንቡክ በአንድ ቀለም ተቀብተዋል፤ በመሀላቸው ያለው አባይ ብቻ ነው። «ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላት ነበር ሎዛን። በዚያ በኩል መኪና የሚያሻግር መንገድ እንደሌለ የነገሯት ሾፌሩ ጋሽ ጎሹ ናቸው። ከክልሉ ወጥቶ፣ ወለጋን አቋርጦ፣ በጎጃም ዞሮ ነው ማንቡክ የሚገባው። ያን ቀን አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ወሬ የሚመላለሰው ማንቡክ ካለችበት ከመተከል ተወካዮችን ለስብሰባ ወደ አሶሳ በሚያመጣው በጋሽ ጎሹ መኪና ነው። አጎቷ ባቢከር ከጠረፍ ከተማዋ ከኩርሙክ ገበያ ይህችን ጌም ሲያመጣላትም ወሬውን ለሎዛ የላከችላት በእሳቸው በኩል ነበር። ጨዋታው ያው ነው፤ ግን ቀይ የነበረችው ጃንጥላ ግራጫ ሆናለች፣ ሙዚቃው እንደ ትንኝ ይጮኻል፣ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው። ጃንጥላዋ አትቀድምም፣ አትሳሳትም፣ አትሳደብም። ኢቲዳል ብትጫወት ናፍቆቱ የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሽ ጎሹን ከስብሰባው አዳራሽ ደጅ አገኘቻቸው። «ያቺ ልጅ ‹በሩ ውስጥ ምን አለ? መጨረሻውን ንገሪኝ› ብላሻለች። ነገ ጠዋት ነው የምንመለሰው» አሏት።

እየሮጠች ቤት ገባች። የጌሟ የባትሪ ድንጋዮች ደክመው ስለነበር ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሞቀቻቸውና ነፍስ ዘሩ። እና እዚህ ደረሰች።

«ጃንጥላዋን አሻግሪያትና እንየው» አለ ዐወድ። «ለሎዛም ትነግሪያታለሽ፣ በቃ።»

«መንገርና ማየት አንድ ነው እንዴ?»

«እና ጌሙን ልትልኪላት ነው? አትፎግሪኝ!»

ኢቲዳል ጌሟን በሁለት እጇ ጨበጥ አደረገች። በሩን ማየት በጣም ትፈልጋለች፤ ስንት ጊዜ በሕልሟ ከፍታዋለች። ጌሟ ብትሄድ መንገድ ላይ ልትሰበር ትችላለች። ጋሽ ጎሹ ዳግም ባይመጡስ? ሎዛ አዲስ ጓደኛ አግኝታ ከሷ ጋር ብትጨርሰውስ? ይኼኛው ከሁሉም ይብሳል። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ጃንጥላዋ እንደ ሁልጊዜው ትእዛዝ ትጠብቃለች፤ ሎዛ ብትሆን ይኼኔ ዘላ ወንዝ ውስጥ ገብታ ነበር።

ጨዋታውን ባለበት እንዲቆይ አድርጋ አጠፋችው።

«ፋራ!» አለ ዐወድ፣ ከልቡ ተናዶ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጎሹ የመኪናቸውን መስታወት ሲወለውሉ ደረሰች። በጨርቅ የጠቀለለችውን ሰጠቻቸው።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አገር ዞሮ ነው የሚሄደው» አሉ፣ ጥቅሉን በመዳፋቸው እየመዘኑ። «መመለሱን እግዜር ነው የሚያውቀው። ቆርጠሻል?»

እጇን ለመዘርጋትና መልሳ ለመውሰድ ቃጣት። ግን እጇን ሰበሰበች።

«ቆርጫለሁ።»

«መጨረሻውንስ ምን ልበላት?»

«አላየሁትም በሏት» አለች ኢቲዳል። «የኔዋ በሩ ጋ ቆማለች። የሷን ራሷ ታሻግራት።»