የሞቀው ጓንት

ሕይወት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆና ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፤ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ በባጃጅ ሆስፒታሉ በር ደረሰች። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው መብራት ልክ አንድ ሰዓት ላይ እሷ ስትገባ መጣ። ያደረው ተረኛ ነርስ ሞላ የርክክቡን መዝገብ ዘረጋላት፤ ፈረመች። አልጋ አንድ ላይ ለተኙት ለአቶ ገሰሰ የታዘዘውን መርፌ ሰጠችና ሞላ ያቀበላትን የደም ናሙና ይዛ ላብራቶሪ ሄደች።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስትመለስ አቶ ገሰሰ አይተነፍሱም ነበር። ጮኻ ሰው ጠራችና ደረታቸውን መጫን ጀመረች።

ኢንስፔክተር ዝናሽ በአራት ሰዓት መጣች። ከሃምሳ ዓመት የማትርቅ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት።

«ሳንባቸው እየተሻለው ነበር» አላት ዶክተር እንዳልካቸው። «ስደርስ ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን ይሠራል። ታዲያ ከመርፌው በቀር ምን ቀረ? ለጊዜው የነርሷ የሥራ ፈቃድ ይታገድ ብዬ ልጽፍ ነው።»

«እስከ ማታ ይቆዩኝ» አለችው።

ሕይወት የመርፌውን ብልቃጥ አልጣለችውም ነበር። ዶክተሩ አነበበው፤ መድኃኒቱም መጠኑም ትክክል ነው።

«ስትመለሺ መጀመሪያ የነካሽው ምንድን ነው?» ስትል ዝናሽ ሕይወትን ጠየቀቻት።

«እጃቸውን። ውሃ ሞልቶ እንደ ፊኛ የታሰረ ጓንት መዳፋቸው ውስጥ ነበር። ለብ ይል ነበር። ለምን እንደተቀመጠ አላውቅም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሙሉ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይኼንን አላስተማሯትማ! እዚህ አገር የበሽተኛ ጣት ይበርዳል። ሲበርድ ያ ጣት ላይ የሚሰካው ዕቃ ኦክስጅን አነሰ እያለ በውሸት ይጮሃል። ነባሮቹ ነርሶች ታዲያ ሙቅ ውሃ በጓንት ሞልተው ያስጨብጡታል። አሥራ አንድ ዓመት አየሁት፤ ዶክተር ለመባል ምን ቀረኝ?»

«ውሃው የት ይፈላል?»

«በኤሌክትሪክ ማፍያው ነዋ። ሌላ እሳት የት አለና?»

የሟቹ ልጅ ፈንታሁን ከክፍሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር። ወደ ውስጥ መግባት ስላልተፈቀደለት አምስት ቀን እዚያው ከርሟል።

«ማሽኑ ሲያጉረመርም አባቴ አለ እላለሁ» አለ። «መብራት ሲጠፋ ዝም አለ። መብራቱ መጣ፤ ማሽኑ ግን እንደጠፋ ቀረ። ልጅቷ ከጮኸች በኋላ ነው ያጉረመረመ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሌላ ምን ሳዳምጥ ከረምኩና፣ እትዬ!»

ሞላ ጠረጴዛ ተደግፎ ቆሞ ጠበቃት።

«ካስረከብኩ በኋላ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነበርኩ። ልጅቷ እስክትጮህ ወደ አልጋው አልተመለስኩም። የዛሬ ልጆች መርፌ ሲሰጡ ብስክሌት የሚነፉ ይመስላቸዋል።»

ዝናሽ ወይዘሮ ሙሉን ውሃ አስፈላች። ጓንቱን ሞልታ ባዶው አልጋ ላይ ብርድ ልብስ አለበሰችውና ሰዓቷን ያዘች። በግማሽ ሰዓት ለብ ያለ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ በረዶ ሆነ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በነርሶች ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጓንቱ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሕይወት ስትነካው ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ የተሞላው መብራት ከመጣ በኋላ ነው። ማን ሞላው? ሕይወት ልማዱን አታውቅም። ዶክተር ማዋለጃ ክፍል ነበሩ፤ አዋላጆቹን ጠይቄያለሁ። ወይዘሮ ሙሉ ደጁን ሲያጥቡ ፈንታሁን አጠገባቸው ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ሞላ ፈገግ አለ። «ጓንት ሰው አይገድልም።»

«አይገድልም። ግን መብራት ከመጣ በኋላ አልጋው አጠገብ እንደቆሙና የበሽተኛው ጣት ላይ የተሰካው ሞኒተር ሲጮህ እንደሰሙ ይናገራል። መብራት ሲጠፋ አቶ ገሰሰን በኦክስጅን ሲሊንደር አቆዩ፤ ደግ አደረጉ። ሲመጣ ቱቦውን ወደ ማሽኑ መለሱ፤ ማሽኑን ማብራቱን ረሱ። ሞኒተሩ እውነቱን ሲጮህ ጣቱ በርዶ ነው አሉ። ጓንቱን አስጨብጠው፣ ድምፁን ዘግተው ወጡ።»

«ዶክተር ግን ማሽኑ ሲሠራ ነው ያገኙት» አለች ሕይወት።

«አንቺ በሁለት እጅሽ ደረታቸውን ትጫኚ ነበር። ዶክተር ሲገቡ ቀጥታ ወደ ራስጌ ሄዱ። ማሽኑ ያለው ግድግዳው ጋ ነው። እዚያ የቆመው ማን ነበር?»

«ሞላ» አለ ዶክተሩ፤ ድምፁ ቀነሰ።

ሞላ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሲናገር ማንንም አላየም።

«ሁልጊዜ ጣቱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጣቱ ነበር... ጠፍቶ ሳየው እጄ ብቻውን አበራው።»

«መርሳትዎ ስህተት ነው። ጥፋቱን ልጅቷ ላይ መጫንዎ ግን ስህተት አይደለም» አለችው። ከዚያ ወደ ሕይወት ዞረች። «አንቺም በሽተኛውን ሳትረከቢ ፈርመሻል።»

«ጋሼ ሞላ ፈርሚ ሲለኝ...»

«አውቃለሁ። ፈቃድሽን አትነጠቂም። ይህን ግን ሪፖርቱ ውስጥ እጽፈዋለሁ።»

ሕይወት ራሷን ነቀነቀች። ወጥታ የቀሩትን አልጋዎች አንድ በአንድ አየች፤ በየማሽኑ ላይ እጇን አስቀምጣ ንዝረቱ እስኪሰማት ጠበቀች።

በአሥር ሰዓት አስከሬኑ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ፈንታሁን ስልኩን እንደያዘ ቆሟል።

«እናቴን ምን ልበላት?»

ዝናሽ የጋቢናውን በር ከፈተችለት። መኪናው ወደ ሟቹ አገር፣ ወደ ጉና አቀና። የፈንታሁን እናት ወይዘሮ አበበች አሁን ባል የላቸውም።