የሰርካዲስ ዘንቢሎች

ሰርካዲስን ሞታ ያገኛት ቆርቆሮ ሠሪው ወልደ ሚካኤል ነው። ማለዳ ኮምቦልቻ ወዳለው ሼዳቸው ሲመጣ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እሷ ከዘንቢሎቹ መሃል ወድቃለች፤ አንገቷ ላይ ቢጫ የካርቶን ማሰሪያ ፕላስቲክ ተጠምጥሟል።

ሼዱ ሌላው የሚጥለውን ሰብስቦ የቤት ዕቃ የሚያደርግ ነው። ከካርቶን ማሰሪያ ዘንቢል ይሠራል፤ ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ፣ ከጀሪካን የአበባ መትከያ። ያቋቋመችው ሰርካዲስ ነበረች፤ የምታድረውም እዚያው ነበር።

የእኛ አገር ሰው ሲፈርድ መቼ ዳኛ ይጠብቃል! ገና ሳይረፍድ ገዳይዋ ያለምወርቅ ናት ተባለ። ያለምወርቅ የሟች ቀኝ እጅ ነበረች። ማሰሪያው የሚቀመጥበት መጋዘን ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው፤ በዋዜማው ደግሞ ሁለቱ በሥራ ተጨቃጭቀዋል። በሉ እንግዲህ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከሁሉም በላይ የጮኹት የሟች እናት እማማ አባይነሽ ናቸው። ያለምወርቅ ጡት የሚጠባ ልጇን አብራት ለምትኖረው እህቷ ትታ ጣቢያ ገባች። ከተፈረደባት ልጁ እናቱን የሚያውቃት በወህኒ ቤት አጥር ሥር ነው።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ከደሴ የወረደችው በማግስቱ ነው። ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ዝምተኛ ሴት ናት። የጣቢያው ሰዎች ነገሩ ያለቀ መሆኑን በኩራት ነገሯት።

«ካለቀ ለምን ጠራችሁኝ?» አለችና ማሰሪያውን አስመጣች።

ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ተጫነችው። እሺ አላለም። ከዳር እስከ ዳር ከፍ ዝቅ እያለ ይነሳል። መጋዘኑን አስከፍታ ሌላ ማሰሪያ መዘዘች፤ ይሄኛው የካርቶን ጥግ ከነካው ቦታ በስተቀር ለጥ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አስተያየቻቸውና ጠቅልላ ያዘቻቸው።

ወልደ ሚካኤል ሲጠየቅ መበየጃ ብረቱን ከእጁ አላስቀመጠም። ሬሳውን ያገኘሁ እኔ ነኝና ነገሩ ወደ እኔ ይዞራል ብሎ ፈርቷል፣ ምስኪን። ሥርጉት የብረቱ ጫፍ ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ማረው ተውሶት በዚህ ሁኔታ እንደመለሰው ነገራት። ማረው የሰርካዲስ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሼዱን ዕቃ በፒክአፕ ደሴ ገበያ አውጥቶ የሚሸጠው እሱ ነው።

«ምን ሊሠራበት?» አለች ሥርጉት።

«አልጠየቅኩም። የሼዱ ባለቤት ወንድም ምን ይጠየቃል?»

ከዚያ በጓሮ የተከመሩትን ጀሪካኖች አየች። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ሼዱ እንደገባ ሥሩ በሚስማር ይበሳል፤ ለአበባ እንጂ ለውሃ እንዳይውል ሰርካዲስ ያወጣችው ደንብ ነው። ሥርጉት ያን ቀን ደሴ ተመልሳ ገበያውን ስትዞር ዋለች።

ማረው ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ሲያለቅስ ያምርበታል። ሌሊቱን ከቤት እንዳልወጣ ተናገረ፤ እማማ አባይነሽም ልጄ ከጎኔ አልተነቃነቀም ብለው በማርያም ማሉ።

በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲበተን ሥርጉት ሁሉንም ሼዱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ያለምወርቅም ከጣቢያ መጣች። ሰርካዲስ ለፋሲካ ለእናቷ፣ ለወንድሟና ለወልደ ሚካኤል አንዳንድ ዘንቢል በእጇ ሠርታ ሰጥታቸው ነበር፤ ሥርጉት ያንኑ ይዛችሁ ኑ ብላቸዋለች።

«ይሄ ማሰሪያ ከመጋዘን አልወጣም» ብላ ጀመረች። «ማሰሪያ አንዴ ተሠርቶበት ከሆነ እጥፋቱን አይለቅም። ከተሠራ ዘንቢል የተመዘዘ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ቁልፍ አላስፈለገውም።»

«ዘንቢል እዚህ ሞልቷል» አለ ማረው። «ማንም ይመዝዘዋል።»

«ልክ ነህ። የሼዱን አንድ በአንድ አየሁ፣ የተነካ የለም። ቀርተውኝ የነበሩት የእናንተ ናቸው።» የእናትየውንና የወልደ ሚካኤልን አገላብጣ አስቀመጠች። የማረውን ግን ጠርዙ ላይ ያዘችው። «አንዱ ረድፍ ከላይ ካለፈ ቀጥሎ ያለው ከታች ማለፍ አለበት። እዚህ ሁለቱ እኩል ከላይ ያልፋሉ። ሰርካዲስ እንዲህ አትሠራም። ይሄ መሥራት የማያውቅ ሰው የጎደለውን ለመሙላት ከገበያ ካርቶን ፈትቶ ያስገባው ነው።»

ያንን ማሰሪያ መዝዛ ከሟች አንገት የተፈታውን በቦታው አስገባች። እያንዳንዱ እጥፋት ቦታ ቦታውን ያዘ። ወልደ ሚካኤል አማተበ።

«እህቴን ለምን ብዬ?» አለ ማረው።

ሥርጉት ከደሴ ገበያ የገዛችውን ጀሪካን ገልብጣ ሥሩን አሳየችው። የሚስማሩ ቀዳዳዎች በቀለጠ ፕላስቲክ ተደፍነዋል። «እሷ ሰው መርዝ እንዳይጠጣ የበሳችውን አንተ እየደፈንክ የውሃ ነው ብለህ ሸጥክ። የሸጡልኝ ሴት አንተ እንዳመጣህላቸው ነግረውኛል፤ ሰርካዲስም በሞተችበት ዕለት መጥታ ይሄንኑ ጠይቃቸዋለች። አመሻሹ ላይ ለፖሊስ እንደምትናገር ነገረችህ። አይደለም?»

«እኔ ቤት ነበርኩ። እማዬ ትናገር።»

ሁሉም ወደ እማማ አባይነሽ ዞረ። ሴትዮዋ ግን ልጃቸውን አላዩትም።

«በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ» አሉ። «ሲመለስ ሲታጠብም ሰምቻለሁ። አንዷ ሄዳለች፣ እሱ እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ ነው።»

ማረው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፖሊሶቹ ደግፈው አወጡት።

ያለምወርቅ እጇ ተፈቶላታል። አልተደሰተችም፤ ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ልጄ እኔን አጥቶ ሲያለቅስ ሲያድር አይሰሙም ነበር?»

እማማ አባይነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«እሰማ ነበር፣ ልጄ» አሉ።